አሮጌዋን መኪናችንን እናቆይ ወይስ እንለውጥ?

(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ የመኪናውን ጉዳይ እንዲያጠና በተመረጠው ኮሚቴ ስም የተነበበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን፣ ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ለተለዩት አባሎቻችን ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን እንላለን።

በባለፈው ስብሰባ አንድ ሥራ ሰጥታችሁን ነበር። ይኸውም፣ «ይህችን አሮጌ መኪና እስከ መቼ ነው የምንጠግናት? ሸጠን ሻል ያለ ብንገዛስ?» ለሚለው ጥያቄ አጥንታችሁ መልስ አምጡ የሚል ነው። እኛም የተመረጥነው አራት ሰዎች፣ አንዱ በከባድ መኪና ሹፌርነት የኖረ፣ አንዱ ጋራዥ የሚሠራ፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱም መምህር ስንሆን፣ ለአምስት ወራት እየተገናኘን ተነጋግረንበታል። ተከራክረንበታል ብንል ይሻላል። የደረስንበትን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

ጥያቄው ከየት እንደ ተነሣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ግን በዚያን ዕለት ያልነበራችሁ አላችሁና እንድገመው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን ደሴ ላይ ዐረፉ። ልጆቻቸው ኮምቦልቻ ስለሚኖሩ ቀብሩ እዚያ እንዲሆን ተወሰነ። አስከሬኑን በመኪናችን ጭነን፣ ዝናቡ እየወረደ ሐረጎን ስንወርድ፣ እኩሌታው ላይ አንድ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ወዲያው ፍሬኑ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ፤ ሁለተኛ ሲረገጥ ጭራሽ እምቢ አለ። ሹፌራችን፣ እጁ ይባረክ፣ ሳይደናገጥ ማርሹን ወደ አንደኛ መልሶ፣ መኪናዋን ከገደሉ አርቆ በተራራው በኩል ቦይ ውስጥ አስገባትና አቆማት። ከሰው የተጎዳ አልነበረም፤ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አንረሳውም። የአካባቢው ሰው ጩኸታችንን ሰምቶ ቃሬዛ ይዞ መጣ። ሟቿ እስላም ይሁኑ ክርስቲያን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። በትከሻ ተሸክመን ጥቂት እንደ ወረድን አንድ ባዶውን የሚወርድ አይሱዙ ቆመልንና ጫነልን፤ ዋጋ ብንለው፣ «ለሬሳ ዋጋ አለ እንዴ?» ብሎ ተቆጣን። ቀብሩ ሲፈጸም መሽቶ ነበር። ኮምቦልቻ ከቀትር ጀምረው ዝናብ ላይ ሲጠብቁ የዋሉት ልጆቻቸው በአንድ ቀን ሁለት ኀዘን አዘኑ ማለት ነው።

በማግሥቱ በየቡናው የተወራው፣ «አሮጊቷ መኪና ልትገድለን ነበር» የሚል ነው። እኛም ስንጀምር እንደዚያው መስሎን ነበር። ስንመረምር ግን ሌላ ነገር አገኘን።

የፍሬኑ ዘይት ከተቀየረ ስንት ዓመት እንደሆነው የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም። የፍሬኑ ሸራ ደግሞ ከገበያው ርካሹ ተመርጦ የተገጠመ ነበር። መካኒኩ፣ «ይህ ነገር ለሐረጎ አይሆንም» ብሎ ነግሮናል፤ እኛ ግን፣ «እስቲ እስከ መስከረም ይቆይ፣ ወጪ በዝቷል» ብለን አሳለፍነው። ይህን ያለው ማን ነው ብትሉ፣ አሁን ከፊታችሁ ከቆምነው ውስጥ ሁለታችን የዚያን ጊዜ የንብረት ኃላፊዎች ነበርን። ስለዚህ ጥፋቱ የመኪናዋ ዕድሜ ሳይሆን የእኛ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን። ቦሎ ተለጥፎላት ነበር እኮ፣ የምትሉም ትኖራላችሁ። አዎን፣ ነበረ። ነገር ግን ቦሎ መኪናዋ በተመረመረችበት ቀን ስለ ነበረችበት ሁኔታ ይመሰክራል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ዋስ አይሆንም።

እዚህ ላይ ሐረጎ ለምን እንደዚህ እንደሚያስቸግር ብናስረዳ ለሁላችሁም ይጠቅማል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ። ስለዚህ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን። ሰው ጭና ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና ይህን ያህል ስትወርድ የሚለቀቀው ኃይል ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ለእናቶቻችን በሚገባ ቋንቋ እንናገረው፤ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ አንድ ሰዓት ያህል ግሎ የሚሰጠውን ሙቀት ነው። በፍሬን ብቻ ከወረድን ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው። በከባድ ማርሽ ከወረድን ግን ሞተሩ ብዙውን ይሸከምልናል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየሩ ውስጥ ቀስ በቀስ እርጥበት እየሳበ ይኖራል። ሲያረጅ በትንሽ ሙቀት ይፈላል፤ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ኃይል አያስተላልፍም። ፍሬን «እምቢ አለ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። አዲስ መኪናም ቢሆን ዘይቱ ካረጀ ከዚህ አያመልጥም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ።

«እናቆያት» የሚሉት ወገኖች አንደኛው ምክንያታቸው ፍቅር ነው። ይህን አንንቅም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ከተማችን በቀረበ ጊዜ ይህች መኪና በእግር መሄድ ያልቻሉ ስንቱን አዛውንትና ሕመምተኛ ወደ ኮምቦልቻ እንዳወረደች፣ የወረዱት ራሳቸው ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። ስንት መኪና በጠፋበት ጊዜ ተርፋ መመለሷም ሌላ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ምክንያታቸው፣ የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው የሚል ነው። ለዚህም አባቶቻችን ትሬንታ ኳትሮን ይጠቅሳሉ። እውነት አላቸው። ጣሊያን በወረራው ዘመን መንገዱን ሲያወጣ ፊያት 634 የሚባለውን የጭነት መኪና ይዞ መጣ፤ «ሠላሳ አራት» ለማለት በራሱ ቋንቋ ትሬንታ ኳትሮ ብሎ ጠራው፣ እኛም ስሙን ወረስን። ከእሱም በኋላ የመጣው ፊያት 682 ከአሰብ ወደብ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ድረስ ስንት ዘመን ጭነት አመላለሰ።

ነገር ግን እነዚያ መኪናዎች ለምን ኖሩ? ብረታቸው ወፍራም ስለሆነ ብቻ አይደለም። የጋራዡን ቋንቋ እስቲ አዳምጡት፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሊስትራ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ ይላል። ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ሙያውም ከቃሉ ጋራ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ኖሯል። መካኒኩ ያውቃቸዋል፣ መለዋወጫቸው ይገኛል፣ የጎደለውንም ቶርኖ ቤት ቀርጾ ይተካዋል። መኪና የሚኖረው የሚያውቀው ሰውና የሚገኝ ዕቃ እስካለ ድረስ ነው። የእኛም ባለ ናፍጣ ቶዮታ ፒክ አፕ እስከ ዛሬ የቆየችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለእሷ የሚሆን ዕቃና የእሷን ሞተር አውርዶ መግጠም የሚችል ሰው በደሴም በኮምቦልቻም አይጠፋም።

«እንለውጣት» የሚሉትም ወገኖች እንዲሁ ቀላል ነገር አልተናገሩም። የጥገናው ወጪ በየዓመቱ ይጨምራል። መኪናዋ ጋራዥ በቆመችባቸው ቀናት ሰው ሲሞት መኪና እንከራያለን። ሕመምተኛ በሌሊት ሲነሣ ትነሣ አትነሣ እንደሆነ አይታወቅም። ከሁሉ በላይ፣ ከሐረጎው ነገር ወዲህ አንዳንድ አባሎቻችን በእሷ ላይ መሳፈር ፈርተዋል፤ ይህ መቼም የሚናቅ ነገር አይደለም።

ኮሚቴው በመጀመሪያ የተስማማበት ነገር ቢኖር፣ እስከ ዛሬ ያወጣነውን ገንዘብ ከሒሳቡ ማውጣት ነው። «ይህን ሁሉ አፍስሰንባት አሁን እንዴት እንሸጣታለን?» የሚል ክርክር ደጋግሞ መጣ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። የሚቆጠረው ከዛሬ ወዲያ የሚወጣው ነው፤ ከዛሬ ወዲያ እሷን ለማቆየት ስንት ይጠይቃል፣ ሌላ ለማምጣትስ ስንት?

ሁለተኛ፣ ገበያውን አየን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፉ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ ሻል ያለ መኪና እንግዛ ስንል ያለን ምርጫ ሁለት ነው፤ አገር ውስጥ ያለውን ያገለገለ የነዳጅ መኪና መግዛት፣ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት።

ያገለገለው መኪና በሌላው አገር ዕድሜው ሲጨምር ዋጋው ይወርዳል፤ በእኛ አገር ግን አዲስ የሚገባው ስለተወደደ አሮጌውም አብሮ ይወደዳል። ስለዚህ በብዙ ገንዘብ የምንገዛው ከእኛይቱ ጥቂት ዓመት ብቻ የሚያንስ፣ ታሪኩን የማናውቀው የሰው መኪና ይሆናል። የእኛን በሽታ ቢያንስ እናውቀዋለን።

የኤሌክትሪኩን ነገር ወጣቶቹ አጥብቀው ስለጠየቁ በደንብ ተመለከትነው። ነዳጅ አይጠይቅም፤ የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚባል የለውም። ቁልቁል ሲወርድም ሞተሩ ራሱ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ ይህ ለሐረጎ የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ደሴ ላይ ባትሪውን እስከ አፉ ሞልቶ ወዲያው ሐረጎን የሚወርድ ሰው፣ ባትሪው የሚመጣለትን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ያ ጥቅም ይቀንስበታል፤ እንደ ማንኛውም መኪና በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ፣ ለመውረድ ስትነሡ ጥቂት ጎደል አድርጋችሁ ተነሡ።

ታዲያ ለምን አንገዛውም? ሒሳቡ ስለማይመጣ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ትርፉ ያለው ከነዳጅ በሚተርፈው ላይ ነው፤ ያ የሚተርፈው ደግሞ ብዙ ለሚሮጥ ነው። ከጧት እስከ ማታ ከፒያሳ ቧንቧ ውኃ ለሚመላለስ ታክሲ ሒሳቡ ሊመጣ ይችላል፤ የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ባለታክሲው እንደ ተጎዳ እናውቃለን። የቅሬ መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆማ ነው የምትውለው። የማይሮጥ መኪና ነዳጅ ቆጥቦ ዋጋውን አይመልስም። ከቅሬ መኪና የሚፈለገው ቁጠባ ሳይሆን በተጠራች ሰዓት መነሣትና በሰላም መድረስ ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የኮሚቴውን ሐሳብ የለወጠው ከመካከላችን የማንም ንግግር አልነበረም። አንዲት ባላቸውን ካቻምና የቀበሩ እናታችን ሲያዋዩን፣ «ልጆቼ፣ ባሌ የሞተ ዕለት መኪናዋ አሮጌ ትሁን አዲስ አላየሁም። ያየሁት ድንኳኑ መተከሉን፣ ገንዘቡም በሦስተኛው ቀን እጄ መግባቱን ነው» አሉን። ከዚህ በኋላ ዝም ብለን ነው የወጣነው።

ለስሌት ብቻ እንዲህ እንበል፤ 300 አባወራ ብንሆንና 2 ሚሊዮን ብር ተበድረን በ5 ዓመት ብንከፍል፣ ወለዱን ትተን ዋናው ብቻ በወር ከ33 ሺህ ብር በላይ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት በወር 111 ብር ይደርሳል፤ ይህ ከመዋጮው በላይ ነው። ላለው ምንም አይደለም። የሰው ልብስ አጥባ ለምታድር እናት ግን በወሩ መጨረሻ ከቅሬ የሚያስወጣት ሊሆን ይችላል። አለበለዚያ ለኀዘንተኛ ያስቀመጥነውን ተቀማጭ ነክተን እንግዛ ብንል፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ቢሞትብን ቆንጆ መኪና ይዘን ባዶ እጃችንን ለቅሶ ልንሄድ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው።

ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ የሚከተለው ነው። መኪናዋን ለጊዜው እናቆያት፤ ነገር ግን እንደ እስከ ዛሬው አይደለም።

ሀ) ሕይወት የሚሸከመውን ክፍል፣ ማለት ፍሬንን፣ ጎማን፣ መሪንና መብራትን በተመለከተ «እስከ መስከረም ይቆይ» የሚባል ነገር ይቅር። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ሸራውም ደህናው ይገዛ። የውስጥ ወንበርና ቀለም ይቆይ፤ በእሱ የሚሞት የለም።

ለ) ጎማ በጥርሱ ብቻ አይታይ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ተጽፎበታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን የፈረንጅ ዓመት ይናገራሉ። 2319 የሚል ካያችሁ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እኛ ከ6 ዓመት ያለፈውን ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ይዘን ሐረጎን አንወርድም ብለናል።

ሐ) መኪናዋ በሳምንት አንድ ቀን ትነሣና ጢጣ ድረስ ደርሳ ትመለስ። ቆሞ የሚሰነብት መኪና ባትሪው ይሞታል፣ ፍሬኑ ይይዛል፤ ሰው የሞተ ዕለት ነው የሚታወቀው።

መ) ደብተር ይከፈትላት። የተቀየረው ዕቃ፣ ቀኑና የወጣው ገንዘብ ይጻፍ። ያለ ደብተር ከተከራከርን ሁላችንም ትክክል ነን።

ሠ) ከለቅሶው ገንዘብ ፈጽሞ የተለየ የመኪና መለወጫ ሣጥን ይኑረን። የቻለ ይጨምርበት፤ ያልቻለ አይጠየቅ።

ደግሞም የምንለያይበትን ቀን ከአሁኑ እንወስን፤ ያን ጊዜ ፍቅርና ወሬ እንዳያሸንፈን። ከሦስቱ አንዱ ከደረሰ ትሸጣለች፤ ሻንሲዋ ከተሰነጠቀ ወይም በዝገት ከተበላ፤ የአንድ ዓመት የጥገና ወጪዋ ከመሸጫ ዋጋዋ እኩሌታ ካለፈ፤ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሕመምተኛ ወይም አስከሬን ጭና መንገድ ላይ ከቆመች።

ሳንደብቃችሁ፣ በዚህ ሐሳብ ከአራታችን አንዱ አልተስማማም። ምክንያቱን እዚህ እንድናነብ ስለጠየቀን እናነባለን። «ብራችሁን በሣጥን ስታጠራቅሙ የመኪናው ዋጋ ከሣጥኑ ቀድሞ ይሄዳል፤ ዛሬ ያልገዛችሁትን ከሦስት ዓመት በኋላ በእጥፍ ትገዙታላችሁ» ይላል። ይህ እውነትነት አለው። ሙሉ መልስም የለንም። ያደረግነው ነገር ቢኖር ከሣጥኑ ገንዘብ የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔትና ፊልትሮ አስቀድሞ ተገዝቶ ይቀመጥ ማለታችን ነው፤ ዕቃው ሲወደድ እኛ ዘንድ ይገኛል። ይህ ግን የእሱን ጥያቄ አያፈርሰውም። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ደብተሩን ይዘን እንመለሳለን፤ እሱ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ተሳስተናል ለማለት አናፍርም።

በመጨረሻ፣ የራሳችሁ መኪና ያላችሁ አባሎቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ሐረጎን ስትወርዱ ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱት። የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ ቁሙ፤ ፍሬኑ እስኪበርድ ቆዩ፤ የሚቸኩል ካለ ይለፋችሁ። የሦስተኛ ወገን መድኃኒቱ፣ ማለት በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው ኢንሹራንስ፣ እናንተ ለጎዳችሁት ሰው ነው፤ የእናንተን መኪና አይጠግንም፣ የእናንተንም ነፍስ አይመልስም።

ያን ዕለት ቃሬዛ ይዘው ለመጡት የሐረጎ ሰዎችና ለባለ አይሱዙው፣ ስማቸውን ባናውቀውም፣ በቅሬያችን ስም ምስጋናችን ይድረሳቸው። መኪና ቢጠፋ ትከሻ እንዳለ አሳይተውናል። እኛም ትከሻውን ይዘን መኪናዋን ደግሞ እንደሚገባ እንያዛት።

ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ይስጠን፤ መኪናዋንም ለሠርግ እንጂ ለቀብር የማንፈልግበት ዓመት ያድርግልን።